ሦስተኛው ቦነስ

ግራዝማች ወንድይራድና ባላምባራስ ድልነሳሁ በሕይወት ሳሉ የካርታ ጨዋታ ጠረጴዛቸው ሥርዓት ነበረው፤ ያልመረመሩትን ውል አይቀበሉም፤ አብሯቸው የተቀመጠውንም ብቻውን ትተው አይነሡም ነበር። ከዚያ ጠረጴዛ ዛሬ የቀሩት አብረዋቸው ይጫወቱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው።

ለበዓል ብቻ ብቅ የሚለው የወንድማቸው ልጅ ናሆም፣ የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ሳያወርድ፣ በስልካቸው ላይ ፖከር የተባለ በገንዘብ የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ጫነላቸው። ጨዋታው ለጀማሪ ከሦስት ቦነስ፣ ማለትም ከሦስት ዓይነት የጉርሻ ገንዘብ፣ አንዱን ያስመርጣል።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ቦነስ ይምረጡ፤ ያስገቡትን ብር እጥፍ ያደርጋል።»

«ብዙ ጊዜ ካልተጫወትኩበት ግን ማውጣት አልችልም። ከታች ተጽፏል፤ አላነበብከውም?»

«እሺ፣ ሁለተኛውን! ምንም ሳይከፍሉ ይሰጥዎታል።»

«እርሱ ደግሞ እስከ ነገ ካላለቀ ይቃጠላል።» መነጽራቸውን አስተካክለው ሦስተኛውን ተጫኑ።

ናሆም ሳቀ። «ይሄ እኮ ከሁሉም ትንሹ ነው! ደግሞም ሰው ለጋበዘ ብቻ ነው የሚሰጠው። ጓደኞችዎ ሁሉ አልፈዋል፤ ማንን ሊጋብዙ ነው? ጋሼ፣ ሕጉ አልገባዎትም።»

«ገብቶኛል። ጋባዡና ተጋባዡ በየእሑዱ አብረው ካልተጫወቱ ይሰረዛል ይላል።»

የናሆም ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። አውጥቶ አየው፤ አጎቱ ለእርሱ የላኩት የጨዋታው ግብዣ ነበር።

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወንበር ሳበ።

«ጋሼ» አለ፣ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»