ስም ያልወጣለት

ጠዋቱን ሙሉ ከገደሉ ሥር ቆሞ ዓለቱን በወረቀት ሲነድፍ ያረፈደው ተራራ ወጪ ትዕግሥቱ አልቋል። ለተራራ ወጪዎች መመሪያ እያዘጋጀ ነው። የፈለገው ቀላል ነገር ነበር፤ የአገሬው ሰው ስንጥቁን፣ እርከኑን፣ ልሙጡን ዓለት ምን ብሎ እንደሚጠራ ማወቅ። ከገደል ማር ሲቆርጡ ያረጁት ሽማግሌ ግን የሰው ስም ብቻ ይደረድሩለታል።

«ያ ስንጥቅ አንዳርጌ ነው። ከሱ በላይ ያለው እርከን ደግሞ ጫኔ።»

«አባቴ፣ የጎረቤቶችዎን ስም አይደለም እኮ የጠየቅኩዎት።»

«ጎረቤቶቼማ ነበሩ» አሉ ሽማግሌው።

እንግዲያው እኔው ስም አወጣለታለሁ ብሎ እርሳሱን ወረወረና ገመድ እንኳ ሳይታጠቅ መውጣት ጀመረ። አንዳርጌን አለፈ። ጫኔንም አለፈ። ከዚያ በላይ ዓለቱ ልሙጥ ሆነበት፤ ጣቶቹ የሚይዙት አጡ።

«ይሄኛውስ ማን ሊባል ነው?» አለ ቁልቁል፣ ንዴቱ ሳይበርድለት።

ሽማግሌው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ሽቅብ አዩት።

«እሱ ገና ስም አልወጣለትም፤ እስካሁን ከዚያ የወደቀ ሰው የለም። ለመሆኑ ያንተን ስም ማን ነበር ያልከኝ?»