የታጠበ እግር

አልጣሽና ባሏ ወዳጆ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ከሞላሌ ተነሥተው የጣናን ገዳማት በጀልባ ይሳለማሉ። ዘንድሮም አምስት ቀን ሐይቁ ላይ ሰነበቱ። በመጨረሻው ቀን፣ ጀልባዋ ወደ ባሕር ዳር ስትመለስ፣ አልጣሽ ለጎረቤታቸው ለእማማ ጥሩሸዋ ደወለች። እማማ ከመንገድ የገባን ሰው እግሩን ሳያጥቡ አያሳድሩም፤ ውሃ እንዲያሞቁ አስቀድሞ ካልተነገራቸው ደግሞ ይቀየማሉ።

«እማማ፣ ከነገ ወዲያ እንገባለን።»

«ምን ትቀልጂብኛለሽ?» ብለው ሳቁ። «ትናንት ማታ ገብታችሁ፣ እግራችሁን አጥቤ፣ ቅቤ ቀብቼ አላስተኛኋችሁም? ግን ይህን የመሰለ ቅዝቃዜ ከየት አመጣችሁት? ሁለት ድስት ውሃ አሙቄ እንኳ እግራችሁ አልሞቅ አለኝ።»

የእማማ ድምፅ ጎላ ያለ ስለሆነ ወዳጆ ሁሉንም ሰማ። ጎንበስ አለና ከትናንት ጀምሮ ያላወለቀውን ጫማ ከነካልሲው አወለቀ። በእግሩ ጣቶች መሀል ቅቤ ረግቶ ነበር።

አልጣሽ የራሷን ለማየት አልደፈረችም።

«እማማ፣ በእመብርሃን ይዤዎታለሁ፣ አሁኑኑ ይቀስቅሱን።»

«ቆይ እስቲ» ብለው ሄዱ። በሩ ሲጢጥ ሲል ተሰማ። ከዚያ የሁለቱን ስም ሲጠሩ ተሰማ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የባሕር ዳር ዘንባባዎች ከፊት ለፊት ይታያሉ፤ የጀልባዋ ሞተር እንደ ወትሮው ይሠራል። ወዳጆ ጫማውን መልሶ ያስራል።

እማማ ተመለሱ።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሁለታችሁም አልነቃ አላችሁኝ።»