የሱሪ ቁጥር

«እንቁራሪት የዋጠ እባብ» ያለኝ አለቃዬ ፒዮ ዶክሱ ነው። ባለፈው ሐምሌ፣ እኛ ኮሪያውያን የበጋውን ሙቀት በዶሮ ሾርባ በምንቀበልበት ቀን፣ ድርጅቱ ሾርባውን ባበላን ዕለት፣ ሒሳብ ክፍል አዲስ በገባችው ልጅ ፊት። እጅና እግሬ ቀጭን ሆኖ ሆዴ ብቻ ስለወጣ ነው። ልጅቷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ያ ሾርባ እስካሁን አልወረደልኝም።

ዛሬ የዓመቱ ምርመራ ነው። ሐኪሞቹ ወደብ ከተማችን ኢንቾን ድረስ፣ እዚሁ መጋዘናችን መጥተው ምግብ ቤቱ ውስጥ መጋረጃ ጋርደዋል። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ነርሷ «ጤነኛ ነህ» ትበለኝ፣ ዶክሱም ይስማ። ከኋላዬ ተሰልፎ እንደ በሬ ይተነፍሳል።

ሚዛኑ ላይ ወጣሁ።

«ሰባ ኪሎ። ለቁመትህ ጥሩ ነው» አለች ነርሷ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት።

«አልሰማሁም ሲስተር።»

«ጥሩ ነው አልኩህ።»

ዞር ብዬ መጋረጃውን አየሁት። ይስማ። ነርሷ ግን ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች።

«እሱ እንኳ አያስፈልግም፤ ሠላሳ ሁለት ነኝ።»

«ዕድሜህን መች ጠየቅኩህ?»

ሰልፉ ሳቀ።

«ወገቤን ነው። የሱሪ ቁጥሬ ነው፤ ከውትድርና ጀምሮ አልተለወጠም።»

«ሱሪህማ ከሆድህ ሥር ነው የታሰረው። ከሆድህ ጋር መች ተገናኝቶ ያውቃል?»

ሜትሩን በእምብርቴ ላይ አዞረችው። ሆዴን ስቤ ትንፋሼን ያዝኩ። እሷ ሥራ እንደሌላት ሰው መስኮቱን እያየች ጠበቀችኝ። ሰው እስከ መቼ ሳይተነፍስ ይቆማል? ለቀቅሁት።

«ዘጠና ሁለት ሴንቲ» አለች፣ ጮክ ብላ።

«እንቁራሪቷ ልትወልድ ነው መሰለኝ» አለ ዶክሱ ከመጋረጃው ወዲያ።

በጣቴ ወደ መጋረጃው ጠቆምኩ። «ሜትሩ ልክ አይደለም። ይልቅ እሱን ለኪው፤ በርሜል የሚያህለው እሱ ነው።»

«ተራው ሲደርስ እለካዋለሁ። አሁን የማወራው ካንተ ጋር ነው። የወገብህ ዙሪያ የቁመትህን ግማሽ አልፏል። ይሄን ሚዛን አያሳይም፤ ስቡ የተጠራቀመው ውስጥ፣ አንጀትህ ዙሪያ ነው። ገና ሃያ ዘጠኝ ዓመትህ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት ምን አስቸኮለህ?»

«ቀጭን ነኝ እኮ ሲስተር።»

«ነህ። ለዚህ ነው ማንም ያልነገረህ።»

ተነግሮኝስ ነበር። የነገረኝ ሰው ግን ሊያስቅብኝ ነው የነገረኝ። እውነት እንኳ ወደ እኔ ስትመጣ በዚያ ሰውዬ አፍ ነው የምትመጣው።

ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቤተሰብ ውስጥ ስኳር ያለበት አለ?»

ከመጋረጃው ወዲያ ሁሉም ጆሮውን አቁሟል።

አባቴም ቀጭን ነበር። ሰውነቱን እያዩ ጎረቤቶች ይቀኑበት ነበር። በመጨረሻው ዓመቱ፣ ከሆስፒታል ከተመለሰ ወዲህ፣ ቤታችን መግቢያ ላይ ጫማችንን ስናወልቅ፣ ከሁላችን ጥንድ ጥንድ ጎን የእሱ ግራ ጫማ ብቻውን ይቀመጥ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ እየጠየቅኩህ ነው።»

ሸሚዜን ወደ ታች ጎተትኩ፤ መጋረጃውን ገልጬ በዶክሱ አጠገብ አለፍኩና ወደ በሩ ሄድኩ።