የተንቀሳቀሰችው ጣት

ጤነኛው ሁሉ «አምስት ደቂቃ ብቻ ነው» እያለ የአካል ጉዳተኞችን ፓርኪንግ ሲይዝ ኖሮ፣ በመጨረሻ ጥበቃው ለአስፋልቱ ተሰጠ። አስፋልቱ የሹፌሩን እግር ይፈትሻል፤ አንዲት ጣት እንኳ ነፍስ ካላት መግቢያውን አይከፍትም።

መንበረ ከወገቧ በታች ሽባ ሆና ዊልቸር ላይ ከተቀመጠች ስድስት ዓመቷ ነው። ዛሬ ጠዋት ባሏ በላቸው ካልሲ ሲያጠልቅላት ጮኸ።

«ማርያምን! ጣትሽ ተንቀሳቀሰች! ለእናትሽ ልደውልላት!»

«ለማንም እንዳትደውል!»

በአንድ ጣት ማን ይራመዳል? መሥሪያ ቤቷ ደጅ በእጅ ብቻ ከምትነዳው መኪናዋ ዊልቸሯን የምታወርድበት ሰፊ ቦታ ያ ፓርኪንግ ብቻ ነው፤ እሱን ካጣች ሥራዋንም አጣች።

«ምን ነካሽ? ስንት ስለት የገባንበት እኮ ነው» አላት፣ ጫማዋን እያነሳ።

ጫማውን ከእጁ ነጥቃ አጠለቀችና ጣቷ እንዳትላወስ ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገችው። ከስድስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯን አመማት።

ፈታችውና፣ ይበልጥ አጥብቃ አሰረችው።