የሙሴ ሚሞሪ ካርድ

ሩሀማ ከአራስነቷ ከተነሳች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው የአብዱልፈታህ ሙዚቃ ቤት ስትመላለስ ግን ይሄ አራተኛዋ ነበር። ልጇን አዝላ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ፣ ሰው እንዳያያት ግራ ቀኝ እያማተረች ገባች።

«ዛሬስ ስንት ቀየርክልኝ?»

«አንድ። ይሄ የኖኪያ ቪዲዮ እኮ አበሳዬን አሳየኝ! ስሪ ጂፒ ስለሆነ ቴሌቪዥን አይከፍተውም። ወደ ኤም ፒ ፎር ልለውጠው ስል መብራት ይጠፋል፣ እንደገና ከሀ እጀምራለሁ። አንዴ ከተለወጠ ግን በስልክም በይው በቴሌቪዥን፣ በፈለግሽው ይሠራልሻል።»

ኮምፒውተሩ ላይ ሙሴ ብቅ አለ። ወንድሟ ነው። ቀይ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጆሃንስበርግ ከሚሠራበት ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ይስቃል።

«እማዬ፣ እንኳን ለገና በሰላም አደረሰሽ!»

«እሷን ቁረጥልኝ» አለች ሩሀማ ፈጠን ብላ።

«ገናን?»

«አዎ። አሁን ሰኔ ገብቶ የለ? ሰሞኑን የተቀረጸ መምሰል አለበት።»

አብዱልፈታህ ቀና ብሎ ሳያያት ቆረጠው። አለማየቱ ይባስ አሳፈራት።

ሙሴ የካቲት ላይ በመኪና አደጋ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። ለሩሀማ የነገራት ጓደኛው ከበደ ነው። ደውሎ፣ በስልክ አብሯት ተላቅሶ፣ «ለእናታችሁ እንዴት እንደሚነገር አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ዘጋው። ያኔ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። እናቷ እትዬ ደስታነሽ ደግሞ የደም ግፊት አለባቸው። ሐኪሙ ድንጋጤ የሚባል ነገር እንዳያገኛቸው ብሎ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ሩሀማ ለቅሶዋን ዋጥ አድርጋ ተቀመጠች። ለባሏ ለሔኖክ እንኳ አልነገረችም፤ የሆዱ ፊቱ ላይ የሚነበብ ሰው ነው።

በኋላ ከበደ የሙሴን ዕቃ በሰው እጅ ሲልክ ሚሞሪ ካርዱ አብሮ መጣ። እናቷ አዩት።

«ምንድነው እሱ?»

«ሙሴ ነው፣ ቪዲዮ ልኮልን» አለች ሳታስበው። እንዲህ ካለች በኋላማ ማሳየት ግድ ሆነባት።

እሁድ ከሰዓት አብዱልፈታህ ቪዲዮውን የጫነላትን ፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው። ጎረቤታቸው ብርቅዬ ማንም ሳይጠራት መጥታ ከፊት ተቀምጣለች።

«ይሄ ልጅ ቅያሪ የለውም እንዴ?» አለች። «ያለፈው እሁድም ይቺኑ ሸሚዝ ነው የለበሰው።»

የሩሀማ ፊት ፍም መሰለ።

«የሥራ ልብሱ ነዋ!» አሉ እትዬ ደስታነሽ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ። «ሸሚዝ ቆጣሪ! አርፈሽ እዪ።»

ብርቅዬ አፏን ያዘች። ብርቅዬ ዝም ስትል ደግሞ ሩሀማን የበለጠ ያስፈራታል።

«ወፍሯል አይደል፣ እማዬ?» አለች ሩሀማ።

«ወፍሯል።» ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉት። «ደውል፣ ደውል እያልሽ አታስቸግሪው ታዲያ። ሥራ ላይ ነው ልጁ።»

ሩሀማ እፎይ አለች። ወዲያው ደግሞ እፎይ ማለቷ አሳፈራት። የሞተ ወንድሟን በየእሁዱ እያስነሳች ለእናቷ ታስቀዋለች። ማታ ልጇን ስታጠባ እንኳ ሕፃኑን ቀና ብላ ማየት ያቅታት ጀመር።

ሰፈሩም አልተመቻትም። ቧንቧ ጋ ስትደርስ ሴቶቹ የጀመሩትን ወሬ ይውጡታል። «ሙዚቃ ቤት አዘወተርሽ አሉ፣ ዘፋኝ ልትሆኚ ነው?» ብላ ብርቅዬ አንድ ቀን ጎነተለቻት። ሌሎቹ ግን አልሳቁም። እናቷም ከሰዓት በኋላ ቤት አይገኙም። ጥቁር ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ አሞራ ገደል አካባቢ ያለችውን እህቴን ልጠይቅ ብለው ይወጣሉ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

«አቧራው ነው» ይላሉ።

ግፊቱ ነው ትላለች ሩሀማ በሆዷ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ወድቀው ቢቀሩ፣ ልጃቸው መሞቱን ሳያውቁ፣ በእኔ ውሸት ተታለው…

ሐሙስ ዕለት አብዱልፈታህ የመጨረሻዋን ቪዲዮ ከፈተላት።

«እማዬ» ይላል ሙሴ፣ «ሩሀማ ስትወልድ እመጣለሁ። ስሙን የማወጣለት እኔ ነኝ፣ ማንም እንዳይቀድመኝ!»

«ይሄንንስ ልቁረጠው?» አለ አብዱልፈታህ።

ሩሀማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። አብዱልፈታህ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ወንበር አቀረበላት።

«እህቴ» አላት፣ «ከዚህ በኋላ እኔ ብቀይረውስ ምን ይጠቅምሻል? ሽማግሌ ፈልጊ።»

በቀጥታ ወደ አቶ ወልደአማኑኤል ሄደች። የዕድሩ ዳኛ ናቸው፤ በሰፈሩ መርዶ የሚያረዱትም እሳቸው። ግቢያቸው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። አንገቷን ደፍታ፣ ሸሚዙንም፣ የተቆረጠውን ገናም አንድ ሳታስቀር ተናዘዘች።

«ጋሼ፣ እናቴን በሙት አታለልኳት። በጎረቤት ፊት መሳቂያ አደረግኳት። ከእንግዲህ ፊቷን ማየት አልችልም። ነገ ጠዋት ሰዎች ይዘው ይምጡልኝና ይንገሯት። ብርቅዬም አጠገቧ ትሁን፣ ብትወድቅ የሚይዛት ያስፈልጋል።»

አቶ ወልደአማኑኤል ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«ነገ ጠዋትማ እመጣለሁ፣ ልጄ፤ እናትሽ ወሬውን ሰምተው፣ ወልዳ አራስነቷን ጨርሳ ትጠንክር ብለው ከየካቲት ጀምሮ ሰፈሩን ሁሉ ዝም ካሰኙ በኋላ፣ አንቺን እንዳረዳ የቀጠሩኝ ለነገ ነው።»