ሳይጠየቅ የተጨመረው እፍኝ

የትነበርሽ በማክሰኝት ገበያ ከጤፉ ክምር ፊት መወሰን አቅቷት ቆመች። የልጇን የሄለንን የሰርግ ጤፍ ዛሬ ከገዛች ለሙሽራዋ ልብስ የሚተርፍ ብር የለም፤ ትታው ሄዳ ከተወደደ ደግሞ ድግሱ ይጎድላል። ለጊዜው ለቤት የሚሆን አንድ ቁና ብቻ እንዲሰፈርላት ጠየቀች።

«እማ፣ ለሳምንት እጥፍ ይገባል እያሉ ነው» አለች ሄለን ስልኳን እያሳየች።

«የማንም ወሬ! ሬዲዮኑ ይረክሳል ብሏል» አለ አብሯቸው የመጣው የሄለን አባት።

«ሬዲዮኑማ አምናም ብሎ ነበር፣ አባዬ።»

«ልጅቱ እውነቷን ነው» አለች ሻጯ ቁናውን ጢም አድርጋ እየሰፈረች። «እኔ ልሙት፣ ለሳምንት ጤፍ በዓይንሽም አታይው!» ይህን እያለች ማንም ምራቂ ሳይጠይቃት አንድ እፍኝ ጨመረችበት። ወዲያው ደገመች።

የትነበርሽ ዓይኗን ከሴትዮዋ እጅ ላይ አላነሳችም። ጤፍ ሊወደድ ሲል ባለጤፍ የምትመርቀው ተለምና፣ ተጨቅጭቃ፣ ያውም በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ ነው። ይችኛዋ ግን ቶሎ ውሰዱልኝ የምትል ትመስላለች። የትነበርሽ ደረቷ ቀለል አላት።

«ይችው ትበቃኛለች፤ የሰርጉን ለሳምንት መጥቼ እወስዳለሁ» አለች።

ሻጯ ሦስተኛውን እፍኝ እንደያዘች ቀረች። «ምነው፣ ማን ምን አለሽ?»

«አንቺው ነሻ፣ እህቴ!» አለች የትነበርሽ፣ የሴትዮዋን እጅ በአገጯ እየጠቆመች።

ሻጯ እጇን አየችና ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች። እፍኙንም ቁናው ላይ ገለበጠችው።

«በይ ሂጂ» አለቻት፤ «ለሙሽራዋ ሸጋ ልብስ ግዢላት።»