ከሥር ያለው ቀለም

በከተማችን አሮጌ ቤት ከማፍረስ መጠገን ይሻላል ብሎ የተነሳው የመጀመሪያው ሰው ጋሼ ነው። እኔ ቀለም ቀቢው ነበርኩ። አንድ ቀን ልንጠግነው የጀመርነው አሮጌ ቤት በር ላይ ማፍረሻ ማሽን ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል።

«ጋሼ፣ አሮጌ ለአሮጌ አማላጅ ሆነ?» አለ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ እየሳቀ። «እሺ፣ የቤቱን ዕድሜ ያሳዩኝና ማሽኑን እመልሳለሁ።»

ጋሼ የቤት ዕድሜ የሚያውቀው በቀለሙ ነው። የሳሎኑን ግድግዳ በምላጭ ቀስ እያለ ፋቀ። ነጩ ተነሳ፤ ከሥሩ ቢጫው፣ ከዚያም ሰማያዊው። በመጨረሻ ልስኑ ላይ የተጣበቀ አረንጓዴ ወጣ።

«ይኸውልህ፤ ቤቱ ሲሠራ የተቀባው ይሄ ነው። አያትህን በዕድሜ ያስከነዳል።»

መሐንዲሱ ነካው። ጣቱ አረንጓዴ ሆነ።

«እርጥብ ነው እኮ! በኔ ይቀልዳሉ?»

ጋሼ ምላጩን እንደያዘ ዞሮ አየኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ሦስት ቀለም ከላዩ እያለ በየት ገብቼ ልቀባው?» አልኩ።

መሐንዲሱ ግድግዳውን አሳየን። የጣቱ አሻራ እርጥቡ ቀለም ላይ ጎድጉዶ ይታያል። ዓይናችን እያየ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በቀስታ የብሩሽ መስመር አለፈበትና አሻራውን ሸፈነው።